አዲስ አበባን በአንድ ክፍል ስንለማመድ

ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነበር፤ ያነሡት ግን የፋብሪካው ጥበቃ አያ ፈንቴ ናቸው። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ሻይ ልትጠጣ ወጥታ ስልኩ ጩኸቱን አላባራ ሲል፣ ጆሯቸው አልችል ብሎ ገብተው አነሡት። አያ ፈንቴ ነገር ማሳጠር ይወዳሉ። ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው ብዙ ተናግሯል፤ እሳቸው ግን ከብዙው ውስጥ አንዷን ቃል ብቻ አንጠልጥለው፣ ግቢውን አቋርጠው፣ እኛ የጥገና ሠራተኞች ከዘንባባ ጥላ ሥር ዳቦ ወደምንገምጥበት አግዳሚ ወንበር መጡ።

«አንተ!» አሉኝ ገና ከሩቁ። «ከአዲስ አበባ ተፈልገሃል!»

ዛሬ ዛሬ ሰው «ተፈለግሁ» ሲል ደረቱን ይነፋል። በደርግ ጊዜ ግን ተፈላጊ ማለት ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ሚስቱን «ልጆቹን አደራ» የሚል ሰው ነበር። ቀና ብዬ ሳይ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ነኝ። ከግራዬ የነበረው የለም፤ ከቀኜ የነበረውም የለም። ደሳለኝ እንኳ፣ ስንት ዓመት በአንድ መፍቻ ብሎን ስንፈታ የኖርን ወዳጄ፣ የጎረሰውን ሳይውጥ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ በሕይወቱ አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው ሰማይ ሰማዩን ያያል።

ኃጢአቴን ማሰብ ጀመርሁ። ባለፈው የውይይት ክበብ ላይ አንቀላፍቻለሁ። ከዚያ በፊት በነበረውም አንቀላፍቻለሁ። ሰልፍ ላይ መፈክር ሲወርድ እጄን ያነሣሁት ከሰው ሁሉ ዘግይቼ ነው፤ ያም ቢሆን ዝንብ ላባርር ነበር።

«ማን ነኝ አለ?» አልሁ።

«እኔ ምን አውቄ! በአስቸኳይ ነው አለ። ድምፁ የትልቅ ሰው ድምፅ ነው። ሲስል እንኳ ያስደነግጣል።»

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ እየሮጠች መጣች። ሰውየው እንደገና ደውሎ ኖሯል። «እንኳን ደስ ያለህ!» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ዋናው መሥሪያ ቤት ለአዳዲስ ጥገና ሠራተኞች አስተማሪ አድርጎ ሊወስድህ ነው! ደረጃህም ደመወዝህም ያድጋል። እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ አስበህ በስልክ መልስ ስጣቸው።»

ከጫማዬ ሥር ወርዳ የነበረችው ነፍሴ በአንድ ጊዜ ተተኩሳ አናቴ ላይ ወጣች። አግዳሚውም ወዲያው ሞላ። ደሳለኝ እንዲያውም ጉልበቴ ላይ ለመቀመጥ ምንም አልቀረው።

ያን ቀን ወደ ቤቴ የነዳኋትን ብስክሌት ብታዩ ክንፍ ያላት ትመስላችሁ ነበር። በሐይቁ ዳር ባለው ጥርጊያ መንገድ ስከንፍ የማውቀውንም የማላውቀውንም ሰላም አልሁ፤ አንድ አህያም ሰላም ሳልል አልቀረሁም። አስተማሪ! እኔ! አዲስ አበባ! በልቤ ካፖርት ለብሼ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ «እንግዲህ ይህ የምታዩት ማርሽ...» እያልሁ ነው። ከመንገዱ ወጥቼ ቄጠማው ውስጥ ስገባም ንግግሬን አላቋረጥሁም።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ጤና ጣቢያ ውስጥ የጤና ረዳት ናት። ስደርስ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። አጠገቧ እናቷ እማማ ብርቄ አሉ። እማማ ብርቄ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከእንፍራንዝ መጥተው፣ ዓይናቸው ከዳነም በኋላ የባሕር ዳር አየር ተስማምቷቸው የሰነበቱ አማቴ ናቸው። ታሪኩን ከአያ ፈንቴ ጀምሬ እየዘለልሁ፣ እየተወንሁ ነገርኋቸው። ጥሩ መቀንጠሷን አላቆመችም።

«እናስብበት» አለች።

በእኛ ቤት «እናስብበት» ማለት «አይሆንም» ማለት ነው፤ ቅቤ ተቀብቶ። ስለዚህ አኮረፍሁ፤ ግን ደስታዬ ኩርፊያዬን አላስቀምጥ አለውና ሳልውል ሳላድር ፈነደቅሁ።

ባሕር ዳር በዚያ ጊዜ በአንደኛው ጫፍ ያስነጠሰ ሰው በሌላኛው ጫፍ «ይማርህ» የሚባልባት ከተማ ነበረች። በማግሥቱ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሁሉም ቤት ገብቷል። ፀጉር አስተካካዬ ግማሽ ራሴን ላጭቶ ቆመና፣ ግማሹን ከመጨረሱ በፊት አዲስ አበባ ሄጄ ለሚስቱ ጫማ እንድልክለት አስማለኝ። ዘመድ ያለው ለዘመዱ መልእክት ሰጠኝ፤ ዘመድ የሌለው ምክር ሰጠኝ። ምክሩ ሁሉ ስለ ኑሮ ውድነት ነው። «እዚያ ሽንኩርት የሚሸጠው በፍሬ ነው!» «ውኃ ስጡኝ ብትል ገንዘብህን ያያሉ!» «ቤት? ቤት ብሎ ነገር የለም። ሰው ሰው ላይ ነው የሚተኛው!» ይህን የነገረኝ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ አያውቅም፤ ወደዚያ አቅጣጫ ርቆ የሄደው እዚሁ አጠገባችን እስካለችው መራዊ ድረስ ነው። ግን የነገረኝ እንዲህ በእርግጠኝነት ስለነበር፣ ማታ ስተኛ ሰው ላይ የተኛሁ እየመሰለኝ ስገላበጥ አደርሁ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ጥሩ እንዲህ አለች፦

«ከምናወራው ብንለማመደው አይሻልም?»

«ምኑን?»

«አዲስ አበባን። ሰው ሁሉ እንደሚለው ከአንድ ክፍል በላይ አናገኝም። እንግዲያውስ እስክትደውል ድረስ በአንድ ክፍል እንኑር። ሳሎኑን እንቆልፈው። ከጓሯችን ፓፓያ አንቆርጥም፤ አዲስ አበባ ማን ፓፓያ ተከለልን? ጎረቤት ያመጣውንም አንቀበልም፤ እዚያ ጎረቤት የለንም። ያኔ መቻልና አለመቻላችን ይታያል።»

ነገሩ ገባኝ። ልታስፈራራኝ ነው! ሳልወድ በግድ «ይቅርብኝ» እንድል ነው! ወኔዬ ተነሣ። «አሁኑኑ!» አልሁና ሳሎኑን ቆልፌ፣ የእማማ ብርቄን መደብ ፍራሽ ከነትራሱ ወደ መኝታ ቤታችን አስገባሁ።

እኔ፣ ጥሩ፣ ሁለት ልጆች፣ አማቴ፣ ቁም ሣጥን፣ የእህል ጆንያና ብስክሌቴ በአንድ ክፍል ተሰበሰብን። (ብስክሌቷን ጥሩ ነበር ያስገባቻት፤ «አዲስ አበባ ውጭ ያደረ ብስክሌት በማግሥቱ የሌላ ሰው ነው ይባላል» ብላ።) እንደምታውቁት በእኛ አገር ደንብ አማች በአማቱ ፊት ጮክ ብሎ እንኳ አያስነጥስም። እኔ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ሱሪ መቀየር ነበረብኝ። ይህ ሙያ ነው፤ የማሽን ጥገና ከዚህ ይቀላል።

«ግድ የለህም ልጄ፣ እንደ ልብህ ሁን» አሉኝ እማማ ብርቄ ከፍራሻቸው። «እኔ እንደሆነ ዓይኔ ደህና አድርጎ አያይም።» ዘወር ብለው ተኙና፣ «ያ የግራ ካልሲህ ግን ተረከዙ ላይ ተቀዷል» አሉ።

ሲነጋ ደግሞ በብስክሌቷ ጎማና በጆንያው መካከል ተቀርቅረው እንዲህ አሉ፦ «አዲስ አበባ ማለት ይኸ ከሆነ ወህኒ ቤት ምን ሊባል ነው?»

«ኧረ እማማ፣ ቀስ ይበሉ!» ብዬ ማን እንደሰማ ለማየት ወደ መስኮቱ ዘለልሁ፤ ስዘል ፔዳሉ ቁርጭምጭሚቴን መታኝ።

ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ ያለ ጣጣ ነበር። ወደ ውጭ የወጣው ሐጂ ኑሩ ዓሣ ይዘው የመጡ ቀን ነው። ሐጂ ኑሩ ከወረታ መጥተው ባሕር ዳር የከተሙ የጨርቅ ነጋዴ፣ የግድግዳ ተጋሪ ጎረቤታችን ናቸው። በእኛና በእሳቸው ቤት መካከል በበዓል ሥጋው ለየብቻ ነው፤ ዓሣ ግን የማንም ቢላዋ ስለማይለየው የሁላችን ነው። ታንኳ ገብቶ የሰባ ቆሮሶ ዓሣ ባገኙ ቁጥር በልጥ አንጠልጥለው ያመጡልናል። ያን ቀንም አመጡ። በሩን ከፈትሁ። ዓሣው ገና ይንጠባጠባል፤ ጠረኑ አፍንጫዬን ሳይሆን ልቤን ያዘኝ። ከኋላዬ ግን የጥሩ ዓይን ጀርባዬን ሲወጋኝ ተሰማኝ።

«ይቅርታ ሐጂ፣ አንቀበልም» አልሁ።

«ምን አልህ?»

«ዓሣውን... አንቀበልም። እኛ አሁን... እዚህ የለንም።»

ሐጂ ኑሩ አዩኝ። ዓሣውን አዩት። እኔን ደግመው አዩኝ። ዞረው ሄዱ። የዓሣው ጅራት በእያንዳንዱ እርምጃ ጋቢያቸውን ይመታ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሐጂ ፊት ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ፤ ርኃብም ነበረበት።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ሽማግሌ! ሐጂ «ሳላውቅ ምን አስቀየምኋቸው? አስታርቁኝ» ብለው ሽማግሌ ሰብስበው መጥተዋል። መሪጌታ አሉ፣ አንድ ጡረተኛ የመቶ አለቃ አሉ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አባት አቶ ዓለምነህ አሉ፣ ከኋላ አንገታቸውን ደፍተው ሐጂ ኑሩ አሉ። ሳሎኑ ተቆልፏል። ቁልፉን ብፈልገው ብፈልገው የለም፤ ጥሩ ይዛው ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆና ሄዳለች። ምን ላድርግ? ወደ መኝታ ቤት አስገባኋቸው። መቀመጫ ያለው አልጋው ብቻ ነው። በማዕረጋቸው ተደርድረው አልጋው ላይ ተቀመጡ። እማማ ብርቄ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ከጆንያው ኋላ አጎነበሱ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይበልጣል...» ሲሉ እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። የእኔ መውደቅ የአልጋው መውደቅ ሆነ። ጣውላው እንደ ጠመንጃ ጮኸ፤ ሽማግሌዎቹ በአንድነት ወደ መሀል ተንሸራተው፣ ስምንት እግር ወደ ላይ ቀርቶ፣ የማን ከዘራ የማን ቆብ እንደሆነ መለየት አቃተ። የመቶ አለቃው በልማዳቸው «ተኛ!» ብለው አዘዙ፤ ሁሉም ግን ተኝቶ ነበር።

ከጆንያው ኋላ የእማማ ብርቄ ድምፅ መጣ፦ «እንዲህ ነው እንግዲህ አዲስ አበባ!»

ከዚያ ወዲያ መደበቅ የለም። ከፍርስራሹ እየጎተትሁ ሳወጣቸው ሁሉንም ዘረዘርሁላቸው፤ ሥራውን፣ ውድነቱን፣ ልምምዱን። ሐጂ ኑሩ ቆባቸውን ከብስክሌቷ መሪ ላይ አንሥተው፣ አራግፈው ደፉት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ እየሳቁ ነው።

«አንተ ሞኝ!» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። «ይህን ለምን ያኔውኑ አልነገርኸኝም? አዲስ አበባ ነን ብትለኝ ዓሣውን በውድ እሸጥልህ ነበር እኮ!»

እርቁ በሳቅ ወረደ። ግን ሳቅ ቤቱ አያድርም። አቶ ዓለምነህ ማታ እራት ላይ ታሪኩን ለልጃቸው ሲያጫውቱ፣ ሌላው ቤተሰብ አልጋው በወደቀበት ቦታ ሲስቅ፣ ልጃቸው ጓድ አበረ የሳቀው «ሳሎኑ ተቆልፏል» በተባለበት ቦታ ነው። ሰኞ ጠዋት ከነቦርሳው በራችን ላይ ቆመ።

«ጓድ፣ ትርፍ ክፍል አላችሁ ተብሏል።»

«ትርፍ አይደለም ጓድ ሊቀ መንበር! አዲስ አበባን እየተለማመድን ስለሆነ ነው የዘጋነው!»

ጓድ አበረ ራሱን ነቀነቀ፤ የገባው ይመስላል። «እኔ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄጄ አይቻለሁ» አለ በእርጋታ። «ደባል የሌለው ቤት አላየሁም። እንግዲህ ልምምዳችሁ ጎዶሎ እንዳይሆን ቀበሌው አንድ ደባል ይሰጣችኋል።»

ማታውኑ ደባላችን በጋሪ መጣች። ወይዘሪት ሮማን ትባላለች፤ ኮሌጅ ልታስተምር የተመደበች ቀጭን ልጅ ናት። ከየት እንደመጣች ገምቱ። ከአዲስ አበባ! እኔ ወደዚያ ልሂድ አልሂድ እያልሁ ስታመስ እሷን ያለ ምርጫዋ ወደዚህ ልከዋታል። ጋሪው ላይ ከእሷ በቀር የማይታይ ነገር አልነበረም፦ ለሦስት አልጋ የሚበቃ አጎበር፣ የሽንኩርት ከረጢት፣ ሻማ፣ ጨው። ባሕር ዳር ጨው የሌለ መስሏት!

«ጋሼ» አለችኝ ሳሎኑን ስንከፍትላት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጉማሬዎቹ የሚገቡት በየትኛው በኩል ነው?»

«የትኞቹ ጉማሬዎች?»

«ሲመሽ ከሐይቁ ወጥተው በየቤቱ በር ይገፋሉ ብለውኛል።»

ይህን የነገራት ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን የእኛው የመራዊ ተጓዥ ወንድም መሆን አለበት።

እዚህ ላይ እስካሁን የደበቅኋችሁን ነገር ልንገራችሁ። በየቀኑ ወደ ፋብሪካ ስሄድ ብስክሌት ላይ ሆኜ የአዲስ አበባ አነጋገር እለማመድ ነበር። እኛ ሄድሁ፣ ሰማሁ፣ በላሁ እንላለን። አዲስ አበቤ «ሄድኩ» ይላል። ተማሪዎቼ ባላገር ብለው እንዳይስቁብኝ «ሁ»ን ሁሉ ነቅዬ በ«ኩ» ተክቻለሁ። አሁን እውነተኛ አዲስ አበቤ ቤቴ ገብታለች፤ ልታይ አልሁ። ምሳ ሰዓት ላይ «ጋሼ፣ ይምጡ ምሳ እንብላ» ስትለኝ ደረቴን ነፍቼ፦

«አመሰግናለሁ፣ እኔ እንኳ ምሳዬን በላኩ» አልኋት።

ሮማን ግራ ገባት። «ምሳዎን ለማን ላኩት?»

«አይ፣ አልላኩም... ማለቴ፣ በላኩት!»

«ታዲያ የተላከለት ሰው በላው?»

የድስቱ ክዳን ከጥሩ እጅ ወደቀ። እማማ ብርቄ «ይኸ ልጅ ምሳውን ለማን ነው የሚልከው? ለዚያ ነዋ የከሳ!» አሉ። እኔም ያንኑ ዕለት ወደ «ሁ» ተመለስሁ፤ አዲስ አበባም «በላሁ» እንደሚባል ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሮማን በሦስተኛው ቀን አጎበሩን ረስታ መስኮት ከፍታ መተኛት ጀመረች። ልምምዱ ስለተበላሸ ፓፓያውም ተቆረጠ፣ ዓሣውም ተመለሰ። ሐጂ ያመጡትን ቆሮሶ ስትበላ ዓይኗን ጨፍና ነበር። «እናቴ ይህን ብታይ!» አለች። ከዚያም ቀዘቀዘች። እናቷ ጉለሌ ብቻቸውን ቀርተዋል። ባዶ የቀረውን ክፍል ቀበሌው ለማን እንደሚሰጠው እያሰቡ እንቅልፍ አጥተዋል። «የማያውቁት ሰው ከሚመጣባቸው እናንተ ብትሆኑላቸው...» አለችና አፍራ አቀረቀረች።

ልቤ ዘለለ። ክፍል! ጉለሌ! ሰው ሰው ላይ ሳይተኛ! ወደ ጥሩ ዞርሁ፤ ጥሩ ግን ሳህኗን ትመለከታለች።  ምግቡን ሳትጨርስ ተነሥታ ወጣች። ትንሽ ቆይቼ ብከተላት ሐይቁ ዳር ቆማ ማዶ ማዶውን ታያለች። ታንኳዎች ይገባሉ፤ ነፋሱ ነጠላዋን ያውለበልበዋል። ጣናን እየተሰናበተች ያዘነች መሰለኝ።  ይህችን ሴት ከዚህ ውኃ ነጥዬ የት ልወስዳት ነው? እዚያው ቆሜ ቆረጥሁ፦ አልሄድም! ለሚስቴ ስል እድሌን እሠዋለሁ! ይህን ስወስን በራሴ ደግነት እንዴት እንደተደሰትሁ አትጠይቁኝ፤ ሹመቱን ስሰማ እንኳ እንደዚያ አልተደሰትሁም። ለጥሩ ግን አልነገርኋትም። መሥዋዕትነት በድንገት ሲሆን ነው የሚያምረው።

የመልሱ ቀን ደረሰና ቴሌ ሄድን። ጥሩ «እኔም ልምጣ» አለች፤ የእኔን ጀግንነት በዓይኗ ብታይ ጥሩ ነው ብዬ አልከለከልኋትም። አዳራሹ በሰው ሞልቷል። በዚያ ጊዜ ስልክ ማውራት የግል ጉዳይ አልነበረም፤ አንዱ ሲያወራ አዳራሹ ሁሉ ያዳምጣል፣ ያዝናል፣ ይፈርዳል። ስሜ ተጠራ። መነጋገሪያውን ጨበጥሁ። መስመሩ ጣናን አቋርጦ ጉማሬ እየረገጠው የሚመጣ ይመስል ያጉረመርማል።

«ሀሎ!» አለ ያ ሳሉ የሚያስደነግጥ ሰው። «እህስ! ወሰንህ?»

«አዎ ጌታዬ፣ አልመጣም!»

«በጣም ጥሩ! መቼ ነው የምትመጣው?»

«አልመጣም ነው ያልሁት!»

«ሰማሁ፣ ትመጣለህ! መቼ?»

«አል! አል! አልመጣም!»

«ሀሎ ሀሎውን ተወውና ቀኑን ንገረኝ!»

ከወረፋው አንዲት እናት «'እቀራለሁ' በለው ልጄ፣ እሱ ይሰማዋል» አሉ። አንድ ወታደር «ምን ሆኖ ይቀራል? እንዲህ ያለ ዕድል ይገፋል እንዴ?» አለ። «ኑሮው ውድ ነው!» አለ ሌላው። «ቢሆንስ! ሰው አይደለም እንዴ የሚኖርበት?» አለ ወታደሩ። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። እኔ በዚያ ሁሉ መካከል ያለ የሌለ ሳምባዬን ሰብስቤ፦ «እ-ቀ-ራ-ለ-ሁ!» ብዬ ጮኽሁ።

የዚያን ጊዜ አንድ እጅ መነጋገሪያውን ከጆሮዬ ነጠቀው። ጥሩ ናት። ፊቷ ቀልቷል።

«ሀሎ!» አለች። እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳላት በትዳር ዘመናችን ሁሉ አላውቅም። «እኔ ባለቤቱ ነኝ! ይመጣል! ሁላችንም እንመጣለን! ወሩ ሲገባ! ክፍልም አግኝተናል!»

መስመሩ ያንን ጥርት አድርጎ ወሰደው። ከወዲያ «እንኳን ደኅና መጣችሁ!» ሲል አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ወታደሩ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ፤ እንደ ዘመኑ ደንብ ጉዳዬ በሙሉ ድምፅ በጭብጨባ ጸደቀ።

«አንቺ...» አልሁ ውጭ ስንወጣ። «አንቺ መሄድ አትፈልጊም ብዬ እኮ ነው! ልታስፈራሪኝ አይደለም እንዴ ሳሎኑን ያስቆለፍሽ?»

«ላስፈራራህ?» ቆመች። «እኔ ስለማመድ ነበር እንጂ! ይህን ሁሉ ቀን በአንድ ክፍል መቻል አለመቻሌን ራሴን ስፈትን ነበር። ስችል፣ ስችል ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ። ሐይቁ ዳር የሄድሁት እናንተ ፊት እንዳልጮህ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አይ አንተ! ሚስት ቀድማ 'እንሂድ' ካለች፣ እዚያ ሽንኩርት በተወደደ ቁጥር ጥፋቱ የእሷ ነው። አንተ ራስህ እስክትለው ስጠብቅህ ቀኑ ደረሰ።» ከዚያ አፏን በነጠላዋ ሸፍና እንደ ልጃገረድ ሳቀች። «አዲስ አበባ ማታ ማታ የነርስ ትምህርት አለ። ጤና ጣቢያ የመጣ ሐኪም ነግሮኛል። እንግዲህ ሽንኩርቱም ይወደድ፣ ጥፋቱም የእኔ ይሁን!»

ብስክሌቷ ኋላ ላይ አፈናጥጫት እስከ ቤት ድረስ ሁለታችንም እየጮኽን ሄድን። ምን ምን እንዳልን አላስታውስም፤ ሰው ግን መንገድ ይለቅልን ነበር።

አንዱን ክፍላችንን ጓድ አበረ ለሌላ ሰው ሰጠው፤ ሳሎኑ ለሮማን ጸና። ሐጂ ኑሩ ለልጆቹ ሹራብ ሰጥተውን አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆመው «እዚያ ስትደርሱ ነጋዴ ሁሉ እንደ እኔ አይምሰላችሁ» እያሉ በሳቅ መሀል ዓይናቸውን አበሱ። እማማ ብርቄ ወደ እንፍራንዝ ሊመለሱ ነበር፤ እኛን ሲሸኙ ግን አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው፣ ተደላድለው ተቀምጠው፣ «መሬቴ እንደሆነ የትም አይሄድ» አሉ። ማንም ሊያስወርዳቸው አልደፈረም። ደብረ ማርቆስ አድረን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጉለሌ ደረስን። የሮማን እናት ከበር ወጥተው ልጆቹን አንድ በአንድ ስመው ክፍሉን ከፈቱልን።

እኔ ጓዙን ከጫንቃዬ አውርጄ ትንፋሼን ስሰበስብ ጥሩን ፈለግኋት። የለችም።

«ጥሩ?»

«አሁን ወጣች» አሉ እማማ ብርቄ። «ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ብላ።»

በሩ ላይ ወጥቼ አየሁ። መንገዱ በሰው፣ በመኪና፣ በአህያ ተጨናንቋል፤ ሁሉም ይጣደፋል፤ ማንም ማንንም ሰላም አይልም። በዚያ ሁሉ መሀል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ እዚያ ተወልዳ እዚያ እንዳደገች ሰው፣ ዳገቱን ትወጣዋለች። የት እንደምትሄድ ማንንም ስትጠይቅ አላየኋትም።

ሻንጣውን ለአማቴ አስረክቤ ተከትያት ሮጥሁ።